ሥዕል መጽሐፍን ሲቀድም
ስለ ንግሥተ ሳባ ታሪክ አካሄድ

ታሪክ የሚሄድበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የብዕር መንገድ ነው፤ ሁለተኛው የአንደበትና የሥዕል መንገድ ነው። ብዕር ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ያስባል፣ ይጽፋል፣ የጻፈውን ይፍቃል፣ ደግሞም ይጽፋል። አንደበትና ሥዕል ግን ፈጣኖች ናቸው፤ ሰሚውና ተመልካቹ ከፊታቸው ተቀምጦ «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ? ከዚያስ በፊት ምን ነበረ?» እያለ ያስቸኩላቸዋልና። ስለዚህ ከመጽሐፍ የተነሣ ታሪክ በሰው አፍና በሠዓሊ እጅ አልፎ መጽሐፉን ቀድሞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህም በሆነ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የታሪኩ ባለቤት ማን ነው? ጀምሮ የጻፈው ነውን? ወይስ ቀድሞ የጨረሰው?

ይህ ጥያቄ በዛሬው ዘመን በወጣቶች አፍ ይሰማል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ባሉት በአዋሽና በሰመራ ከተሞችም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ ተከታታይ ፊልም የሚያይ፣ ባየውም ነገር የሚከራከር ወጣት አለ። ከእነዚህ ፊልሞች በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው «ጌም ኦፍ ትሮንስ»፣ ማለት የዙፋኖች ጨዋታ፣ የሚባለው ነው። መሠረቱ አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን የጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ዘንዶዎች የሚናገር የልብ ወለድ ድርሰት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ታተመ፤ አምስተኛው በ2011 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ታሪኩ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጽሐፉን ያነበበ ሰው በተመልካቾች መካከል እንደ ሽማግሌ ይቈጠር ነበር፤ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚነግሥ አስቀድሞ ያውቃልና። ተመልካቹም አንዳንዱ ንገረኝ ሲለው፣ ሌላው ዝም በል እያለ ይለምነው ነበር። ነገር ግን ፊልሙ በየዓመቱ ሲወጣ ደራሲው ስድስተኛውን መጽሐፍ ሳይጨርስ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጽሐፉ አለመጠናቀቁን ራሱ ለአንባቢዎቹ ገለጠ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የፊልሙ ስድስተኛ ክፍል መታየት በጀመረ ጊዜ ፊልሙ መጽሐፉን ቀድሞ ሄደ። በ2019 ዓ.ም. በግንቦት ወር በ8 ክፍሎችና በ73 ትዕይንቶች ሲፈጸም ስድስተኛው መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበር። የፊልሙ ሠሪዎች የፍጻሜውን ዋና ዋና ነገር ከደራሲው አፍ ሰምተው ነበር፤ መንገዱን ግን ራሳቸው ቀደዱት። ከዚያ ወዲህ አንባቢና ተመልካች እኩል ሆኑ፤ ክርክሩም በረታ። አንዱ «እውነተኛው ፍጻሜ ያየነው ነው» ሲል፣ ሌላው «ደራሲው ያልጻፈው ፍጻሜ ፍጻሜ አይባልም» ይላል።

ይህን ክርክር አዲስ ያስመሰለው ቴሌቪዥኑ ነው እንጂ ነገሩስ በአገራችን የቆየ ነው። እኛም ዘንዶ ያለበት፣ ንግሥት ያለችበት፣ የዙፋን ውርስ ያለበት ታላቅ ታሪክ አለን፤ እርሱም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ተቀድሟል። ይኸውም የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሃይማኖቱን ነገር ለሊቃውንቱ ትተን የታሪኩን አካሄድ ብቻ እንመለከታለን።

የታሪኩ ምንጭ በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 10 የሚገኝ ሲሆን ርዝመቱ 13 ቁጥር ብቻ ነው። በዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 9ም ይኸው ነገር ተደግሞ ይገኛል። በዚያ ንግሥቲቱ ስም የላትም። የሰሎሞንን ጥበብ ሰምታ በእንቈቅልሽ ልትፈትነው ሽቱና ወርቅ በግመሎች ጭና ትመጣለች፤ ጥበቡንና የቤቱን ሥርዓት አይታ ታደንቃለች፤ 120 መክሊት ወርቅ ትሰጣለች፤ እርሱም የወደደችውን ሁሉ ይሰጣታል፤ ወደ አገርዋም ትመለሳለች። ስለ ልጅ የተነገረ ነገር የለም። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ደግሞ የአዜብ ንግሥት ተብላ በአንድ ቁጥር ትታሰባለች። ይህን ያህል ጥቂት ቃል ያነበበ ሰው ሁሉ «ወደ አገርዋ ከተመለሰች በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ መጽሐፍ ክብረ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን ባለው በግእዙ መልክ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ሲሆን፣ ያዘጋጁትም የአክሱም ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቻቸው ናቸው። 13ቱ ቁጥር በዚህ መጽሐፍ 117 ምዕራፍ ሆነ። ንግሥቲቱ ማክዳ ተባለች። ታምሪን የሚባል ነጋዴ 520 ግመሎችና 73 መርከቦች ያሉት ባለጸጋ ሆኖ ገባ፤ የሰሎሞንንም ዝና ለንግሥቲቱ ያወራላት እርሱ ነው። ቅመም የበዛበት ግብር፣ መሐላው፣ በሌሊት የተጠጣው ውሃ፣ ለምልክት የተሰጠው ቀለበት፣ በይነ ልሕክም የተባለው ልጅ፣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ፣ የታቦተ ጽዮንም ወደ ኢትዮጵያ መምጣት፣ ይህ ሁሉ በመጽሐፉ በሰፊው ተነገረ። እንግዲህ ክብረ ነገሥት ከምንጩ ባሻገር ሄዶ ምንጩ ዝም ያለበትን ስፍራ ሞላ። ይህም የመጀመሪያው መቅደም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የመጽሐፉ አዘጋጆች በመጽሐፋቸው መዝጊያ ላይ ነገሩን ከየት እንዳገኙት ተናግረዋል። በቅዱስ ላሊበላ ዘመን ከቅብጥ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ እንደ ተመለሰ፣ እነርሱም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንዳወጡት ጽፈዋል። የዛሬ ሊቃውንት በዚህ ቃል ላይ ብዙ ይከራከራሉ። ሆኖም ክርክር ሊነሣ የቻለው ቃሉ ስለ ተጻፈ ነው፤ ምንጩን ያልተናገረ ሰው ግን ይመረመር ዘንድ እንኳ አይቻልም።

ሁለተኛው መቅደም በሥዕል ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ገደማና ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ የተቀመጡ ሠዓሊዎች፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉት፣ ለገበያ የሚሆን ሥዕል በጨርቅ ላይ መሣል ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ ገዢ ያገኘው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነበር። ታሪኩ በአንድ ጨርቅ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ተከፍሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ እየተነበበ፣ በየክፍሉም አጭር የአማርኛ ቃል ተጽፎበት ይሣላል። ዛሬ ተከታታይ ፊልም የምንለው በየትዕይንቱ ተከፍሎ እንደሚታይ፣ ያ ጨርቅም በየክፍሉ ተከፍሎ የሚታይ ተከታታይ ታሪክ ነበር።

ሥዕሉ የሚጀምረው ግን መጽሐፉ ከሚጀምርበት ስፍራ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚታየው አርዌ የተባለው ዘንዶ ነው። ይህ ዘንዶ በአገሩ ላይ ነግሦ ሕዝቡን ሴት ልጁንና ከብቱን ያስገብረዋል። አንጋቦ የሚባል ሰው ይመጣና ዘንዶውን ብገድልላችሁ ምን ትሰጡኛላችሁ ብሎ ከሕዝቡ ጋር ይዋዋላል፤ ፍየል መርዝ አብልቶ ለዘንዶው ይሰጠዋል፤ ዘንዶውም ይሞታል፤ አንጋቦም ይነግሣል። ማክዳ የዚህ ሰው ልጅ ሆና አባትዋን ትወርሳለች። ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሉ ከመጽሐፉ ጋር የሚገናኘው። የዘንዶው ነገር በክብረ ነገሥት ውስጥ የለም። ከየት መጣ ቢሉ፣ በጥንታውያን የነገሥታት ዝርዝሮች አርዌ በመጀመሪያ ተጽፎ ይገኛል፤ በትግራይም ንግሥቲቱ ለዘንዶ ተሰጥታ ሳለ ቅዱሳን እንዳዳኑዋትና የዘንዶው ደም ነክቶት እግርዋ እንደ አህያ ኮቴ እንደ ሆነ የሚነገር ታሪክ አለ። ይህን የአክሱም አፈ ታሪክ የጀርመኑ ሊቅ ኤኖ ሊትማን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል። እንግዲህ ሠዓሊው ከልቡ አልፈጠረም፤ ሕዝብ በአፉ ይዞት የኖረውን በመጽሐፉ ራስ ላይ ቀጠለበት። የአሜሪካው ፊልም መጽሐፉን በፍጻሜው በኩል ሲቀድም፣ የእኛ ሥዕል መጽሐፉን በመጀመሪያው በኩል ቀደመው።

ይህ ሥዕል ወደ ውጭ አገር የሄደበት መንገድ ከአዋሽ ጋር ያገናኘናል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ መንገደኛ ባብዛኛው በጅቡቲ ባቡር ይሄድ ነበር። ባቡሩ በሌሊት በማይጓዝበት በዚያ ዘመን ሰው በአዋሽና በድሬዳዋ አድሮ ነበር የሚያልፈው። ከአዲስ አበባ የተገዛው ሥዕልም ከመንገደኛው ዕቃ ጋር ተጠቅልሎ በአዋሽ ድልድይ ላይ ያልፍ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ስለ ነበረ ግእዙን ቀርቶ በየክፍሉ የተጻፈውን አማርኛ እንኳ ማንበብ አይችልም፤ ሻጩ ወይም አስተርጓሚው በቃል ሊያስረዳው ግድ ነበር። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ይገኛሉ። የግእዙን መጽሐፍ ቤዞልድ የተባለው ሊቅ ከጀርመንኛ ትርጓሜ ጋር በ1905፣ በጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1922 በአውሮፓ አቆጣጠር ቢያሳትሙትም፣ መጽሐፉን ካነበበው ይልቅ ሥዕሉን ያየው ሰው ሳይበዛ አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ሰው የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው ከዘንዶው ነው።

«ታዲያ ምን ጐዳ? ዘንዶ ቢጨመር ታሪኩ ያምርበታል እንጂ ምን ይጐድልበታል?» የሚል ይኖራል። ስለ ዘንዶው ብቻ ቢሆን እኛም ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን የዚህ ታሪክ ጭማሪ ሁሉ እንደ ዘንዶው የዋህ አይደለም። በቃል በሚነገረውና በብዙ ሥዕሎችም በሚታየው ታሪክ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ብቻ ሳይሆን አገልጋይዋንም ይደርስባታል፤ ሁለቱም ወንዶች ልጆች ይወልዳሉ። በአንዳንድ አፈ ታሪክም የዛጔ ነገሥታት ከዚያች አገልጋይ ልጅ እንደ ተወለዱ ይነገራል። ክብረ ነገሥት በመዝጊያው ለዛጔ መንግሥት የማይስማማ ቃል አለበት፤ እስራኤላዊ ሳይሆን የነገሠ ሕግ ተላላፊ ነው ይላልና። የአገልጋይቱ ልጅ ወሬ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። እንግዲህ አንድ ጭማሪ፣ ያውም በሥዕል ጥግ በአንዲት ትንሽ ክፍል የሚታይ ጭማሪ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያነፀውን ነገድ የገረድ ልጅ አድርጎ በሕዝብ ልብ ውስጥ አስቀመጠው። ይህን ቃል የተናገረ ማን እንደ ሆነ የሚጠየቅ የለም፤ ምስክርም አይጠራበትም። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ግን «በክብረ ነገሥት ተጽፏል» ብሎ ይምላል።

የመጽሐፉ ቃል ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበረ ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሥራ እንረዳለን። በ1860 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መቅደላ በተያዘ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ብዙ መጻሕፍት ወሰደ፤ ክብረ ነገሥትም ከእነርሱ ጋር ሄደ። ዐፄ ዮሐንስ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ የኢትዮጵያ ሕግ ያለበት መሆኑን፣ ያለ እርሱም ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው ገልጠው እንዲመለስላቸው ለመኑ። የብሪታንያ ሙዚየምም በእጁ ከነበሩት ከሁለቱ አንዱን በ1865 ዓ.ም. መለሰ። ታሪኩን በአፉ የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም፤ ንጉሡ የጠየቁት ግን ወሬውን አልነበረም፤ መጽሐፉን ነበር። ወሬ በሁሉ ሰው እጅ ነውና ማንም እንደ ፈቀደው ይቀጥልበታል፤ የተጻፈው ግን ተገልጦ ይታያል።

ይህም ሆኖ የተነገረው ኃይል በሕግም ላይ ታይቷል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የዙፋኑን ውርስ በሰሎሞንና በንግሥተ ሳባ ልጅ ትውልድ ላይ አቆመው፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ይህንኑ ደገመው። መጽሐፉ ልጁን በይነ ልሕክም ይለዋል፤ በዳዊትም ስም እንደ ነገሠ ይናገራል፤ ሁለቱም ሕጎች የጠሩት ግን ሕዝብ በሚጠራው ስም በምኒልክ ነው። እንግዲህ በታላቁ የአገር ሕግ ውስጥ እንኳ የአንደበቱ ቃል ከብዕሩ ቃል ጐን ተቀምጦ ተገኘ። በ1967 ዓ.ም. በመስከረም ያ መንግሥት ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር ውርሱን ያቆመው ሕግ አበቃ። ሥዕሉ ግን ዛሬም ይሣላል፣ ይሸጣልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥዕሉን እናጥፋውን? ተራኪውን ዝም እናሰኘውን? ይህ የማይቻል ነው፤ ቢቻልም ጥፋት ነው። የሚያስፈልገው ቀድሞ የሄደው ወደ ኋላ ተመልሶ ከየት እንደ ተነሣ እንዲናገር ማድረግ ብቻ ነው። ለዚህም በአገራችን ሁለት የታወቁ ሥርዓቶች አሉ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው በአፋር በረሃ።

በትርጓሜ ቤት መምህሩ አስቀድመው ንባቡን ያሰማሉ፤ ንባቡም አይነካም። ከዚያ በኋላ ፍቺውን ይሰጣሉ፤ «አንድም» እያሉ ሌላውን፣ ደግሞም ሌላውን ይጨምራሉ፤ ታሪክ የሚያስፈልገው ሲሆን ታሪኩን ያመጣሉ። ደቀ መዝሙሩ አሥር አንድም ቢሰማ እንኳ የትኛው ንባብ፣ የትኛው ትርጓሜ እንደ ሆነ አይሳሳትም። ጭማሪው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጭማሪ መሆኑ ታውቆ ይኖራል።

በአፋር ደግሞ ዳጉ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ሁለት መንገደኞች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ፤ ከየት እንደ መጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩና ምን እንደ ሰሙ ተራ በተራ ይነጋገራሉ። ስለ ዝናብና ስለ ሣር፣ ስለ ከብት ጤና፣ ስለ ሰላምና ስለ ጠብ፣ ስለ ሞተና ስለ ተወለደ ይነግሩታል። የሚናገረው ሰው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይናገራል። ሐሰተኛ ወሬ ያመጣ ሰው ይዋረዳል፤ ቃሉም ከዚያ በኋላ አይታመንም። ይህ ለጨዋታ የተሠራ ሥርዓት አይደለም፤ ሣር አለ በተባለበት ሣር ያጣ አርብቶ አደር ከብቱ ያልቅበታልና። አንድ ወሬ በብዙ አፍ አልፎ ብዙ ቀን የሚያስኬደውን በረሃ ተሻግሮ ታማኝ ሆኖ የሚደርሰው ተናጋሪው ሁሉ ምንጩን ስለሚያስከትል ነው።

እነዚህ ሁለት ሥርዓቶች ከተለያየ ስፍራና ከተለያየ ሕዝብ የወጡ ቢሆኑም ትእዛዛቸው አንድ ነው፤ ጨምር፣ ነገር ግን የጨመርኸውን ለይ። የይስሐቅም መዝጊያ ቃል ይህንኑ ሥርዓት የሚመስል ነው። የአሜሪካው ፊልም ተመልካቾች ሲከራከሩ የሚያጡት ይህን ነው፤ ከፍጻሜው የትኛው ነገር ከደራሲው አፍ የተሰማ፣ የትኛው በፊልም ሠሪዎቹ የተጨመረ እንደ ሆነ ሁሉ ተለይቶ አልተነገራቸውም። ለእነርሱ ግን አንድ ዕድል አላቸው፤ ደራሲው በሕይወት ሳለ ጽፎ ሊለየው ይችላል። የክብረ ነገሥት አዘጋጆች ግን ካረፉ ስድስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስለ መጽሐፋቸው የሚመሰክርላቸው አንባቢው ብቻ ነው።

አዋሽ ከምዕራብ ሸዋ ደጋ ተነሥቶ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ከሰም ይገባበታል፣ ሚሌም ሎግያም ይገቡበታል፤ ስሙ ግን እስከ መጨረሻው አዋሽ ነው። በታች ያለ ሰው ውሃውን ቀድቶ የትኛው የደጋው፣ የትኛው የሚሌ እንደ ሆነ በጣዕሙ ሊለይ አይችልም፤ ከላይ ያለውን አገር የሚያውቅ ግን ይነግረዋል። የታሪክም ነገር እንዲሁ ነው። ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው ከታች ላለው የመንገር ግዴታ አለበት።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ የተማራችሁ የከተማ ሰዎችም ሆይ፣ ልጆቻችሁ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል ሲያዩ «ዘንዶው ውሸት ነው» ብላችሁ አታባርሯቸው። ጨርቁን ዘርግታችሁ፣ በጐኑም መጽሐፉን ገልጣችሁ፣ ጣታችሁን በየክፍሉ እያሳረፋችሁ ንገሯቸው፤ ይህ ከ13ቱ ቁጥር ነው፤ ይህ ከ117ቱ ምዕራፍ ነው፤ ይህ አባቶቻችን በቃል ያወረዱት ነው፤ ይህቺ የአገልጋይቱ ልጅ ክፍል ግን በመጽሐፉ የለችም፤ ማን እንደ ተናገራት፣ ማንንም ለመጥቀም ወይም ለመጕዳት እንደ ተነገረች መርምሩ በሏቸው። እንዲህ የተማረ ልጅ በሰመራም ሆነ በአዋሽ፣ በሥዕልም ሆነ በፊልም ፊት ሲቀመጥ ደስ ብሎት ያያል፤ ካየም በኋላ «ይህ ነገር ከማን ተሰማ?» ብሎ ይጠይቃል።